ያልደነገጠ እንስሳ ሥጋ

በጊንጪ ለአርቢዎች፣ ለከብት ነጋዴዎች፣ ለሥጋ ቤት ባለቤቶችና ለቅርጫ ማኅበርተኞች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ ሥጋ መበላሸት ነው። ሦስት ቀን አድሮ የሸተተውን ሥጋ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል፤ ለሱ እኔ አላስፈልግም። የኔ ነገር እንስሳው ከመሞቱ በፊት ስላሉት ጥቂት ቀናትና ከሞተ በኋላ ስላለው አንድ ሰዓት ነው። ብዙ ጥሩ ሥጋ የሚጠፋው በዚያ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የጠፋውን ደግሞ ማቀዝቀዣም፣ ሚጥሚጣም፣ አዋዜም አይመልሰውም።

ነገሬን ከአዳኝ እጀምራለሁ። ጊንጪ የገበሬና የነጋዴ ከተማ እንጂ የአዳኝ ከተማ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ሆኖም በሬ አራጅ ከአዳኝ የሚማረው ነገር አለ። አራጅ እንስሳውን አስሮና ጥሎ ነው የሚያርደው። ቢሳሳትም በሬው አያመልጠውም፤ ስሕተቱ ሥጋው ውስጥ ተሰውሮ ይቀርና ማንም ሳያውቀው ይበላል። አዳኝ ግን ስሕተቱን ዓይኑ እያየ ነው የሚያገኘው። ጥይቱ ያረፈበት ወርች ደም ቋጥሮ፣ የተበሳው ጨጓራ ፈርሱን በሥጋው ላይ ረጭቶ ይጠብቀዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለሥጋው ሲሉ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዋላ የሚያድኑ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያወቁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ዋላ በአገራችን የለም። በአፍሪካ በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ነው። የኛዎቹ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ፌቆ፣ አጋዘን ናቸው። የዋላ ቀንድ በየዓመቱ ይረግፋል፤ የነዚህ ቀንድ ግን እንደ በሬ ቀንድ ዕድሜ ልኩን አብሮ ይኖራል። ድኩላና አጋዘን በዝምድናም ከዋላ ይልቅ ለበሬ ይቀርባሉ። ስለዚህ ስለ ድኩላ ሥጋ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለበሬም ይሠራል።

ከነዚህ አንዱ ጎረቤታችን ነው። ጭልሞ ደን ውስጥ የምኒልክ ድኩላ ይኖራል። ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ጠጉሩ ረዘም ያለ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በሌላ በየትም አገር አይገኝም። ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ የእንስሳት አጥኚ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሰየመው እሱን ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ አደራ አለኝ። ስለ ጥይት የምናገረውን ሰምቶ ማንም ወደ ጭልሞ ጠመንጃ ይዞ እንዳይወጣ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ ጭልሞ ለኛ ከደን በላይ ነው። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው የአዋሽን ምንጮች ይጠብቃል። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ማስተዳደር ከጀመሩ ረጅም ዓመታት ሆኗቸዋል፤ በአሳታፊ የደን አስተዳደር በአገራችን ከቀደሙት አንዱ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ድምፃቸውን ሲያሰሙም አንዱ ጥያቄያቸው ይኸው ደን ነበር። ያንን ያህል የተከፈለበት ደን ውስጥ ያለ ድኩላ በደኑ ይኑር። ሕጋዊ አደን የሚካሄደው እንደ ሙኔሳና ኦዶ ቡሉ ባሉ፣ በአርሲና በባሌ በኩል በተከለሉ የቁጥጥር አደን ክልሎች፣ በፈቃድና በኮታ ነው።

አሁን ወደ ጥይቱ። የዘመኑ የአደን ጥይት በሴኮንድ 800 ሜትርና ከዚያም በላይ ይበራል። ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው ጉዳት በቀዳዳው ስፋት አይለካም። በዙሪያው ያለውን ጡንቻ በግፊት ለቅጽበት ያሰፋዋል፤ ጥቃቅኑ የደም ሥር ሁሉ ይበጠሳል፤ ደሙ በጡንቻዎቹ መካከል ሰርጎ ይረጋል። ቆዳው ሲገፈፍ ቁስሉን ከብቦ ስንዝር የሚሆን ጥቁርና ዝልግልግ ያለ ሥጋ ይታያል። ያ ተቆርጦ የሚጣል ነው። ጥይቱ አጥንት ካገኘ ደግሞ ስብርባሪው አጥንት በየአቅጣጫው ሥጋውን እየቀደደ ይሄዳልና ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ለሥጋው የሚያስብ አዳኝ ስለዚህ ትከሻ ላይ አይተኩስም። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ እስኪቆም ይጠብቅና ከወርቹ ጀርባ፣ በጎድኑ መካከል ሳንባውን ይመታል። እዚያ ላይ ከስስ የጎድን ሥጋ በቀር የሚጠፋ የለም፤ እንስሳውም ብዙ ሳይሄድ ይወድቃል። ትከሻ የተመታ እንስሳ ባለበት ስለሚወድቅ ይህን የሚመርጡ አሉ፤ ዋጋው ግን አንዳንዴ ሁለቱም ወርች ነው። ከሁሉ የከፋው ሆድ ላይ የተመታው ነው። ለሰዓታት ይሠቃያል፣ ሲገኝም ፈርስና ደም ተቀላቅሎ ሥጋው አይበላም። በሚሮጥ እንስሳ ላይ የሚተኮስ ጥይት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ነው። ርቀቱ ቅርብ ከሆነ እጅግ ፈጣን ጥይት ከከባዱና ዘገም ከሚለው ይልቅ ያበላሻል። ጥይቱ ከእርሳስ የተሠራ ከሆነም ብናኙ ከቁስሉ ርቆ፣ ደህና በሚመስለው ሥጋ ውስጥ ይቀራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ የኖርዝ ዳኮታ ግዛት ለችግረኞች የተለገሰ የዋላ ሥጋ በራጅ ታይቶ የእርሳስ ብናኝ ስለተገኘበት ከምግብ ማከፋፈያዎች ተነሥቷል። ካሊፎርኒያ በ2019፣ ዴንማርክ ደግሞ በ2024 ለአደን የእርሳስ ጥይትን ከልክለዋል።

ይህ ሁሉ ስለ ምቱ ነው። ልምድ ያላቸው አዳኞች ግን ከምቱ የሚያስቀድሙት አንድ ነገር አለ። እንስሳው አዳኙን ሳያይና ሳያሸት፣ ሣሩን እየጋጠ ሳለ ከተመታ ሥጋው ቀይና ጣፋጭ ነው። በውሻ ተባሮ፣ ቆስሎ ሮጦ፣ ተከቦ ከሞተ ሥጋው ጠቁሮና ጠጥሮ ይገኛል። እንስሳው አንድ፣ ሥጋው ግን ሁለት ዓይነት። የዛሬ ንግግሬ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የኛ አገር አደን በፉከራና በቀረርቶ የተከበረው ለሥጋው ተብሎ አልነበረም። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጣለ ይባልለት ነበር፤ ጭራው፣ ቆዳው፣ ጥርሱ የጀግንነቱ ምስክር ሆኖ ይታይለት ነበር። በጩኸትና በግልቢያ መካከል የወደቀው አውሬ ሥጋ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጥያቄው የሚገባበት ቦታም አልነበረም። እንደኔ አስተያየት ይህ ልማድ ከአደን ወደ እርዳችን ተሻግሯል። በሬ ሲጣል በጎረምሶች ብዛት፣ በጩኸትና በጉልበት ይጣላል፤ በሬው በታገለ ቁጥር ደስታው ይደምቃል። ሥጋውን የሚበላው ግን ያው ጎረምሳ ነው።

ስለ ደም ደግሞ አባቶቻችን ጠንካራ ሥርዓት ትተውልናል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 17 አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲከድነው ያዛል። ስለዚህ አዳኙ መትቶ እንደጣለ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ማረድ ነበረበት። በእስልምናም የአላህን ስም ጠርቶ መተኮስ፣ በሕይወት የደረሱበትንም ማረድ ታዟል። የሥርዓቱን ዝርዝር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ እኔ የምናገረው ስለ ደሙ ነው። በአንድ በሬ ሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከክብደቱ ከ100 እጅ 7 ወይም 8 እጅ ያህል ነው። በደንብ በታረደ በሬ የሚወጣው ግማሹ ገደማ ነው፤ የቀረው በሆድ ዕቃውና በሥጋው ውስጥ ይቀራል። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ እንግዲህ 10 ሊትር ያህል ደም ያፈስሳል። ሳይወጣ የቀረ ደም ለጀርም የተሰናዳ ምግብ ነው። የደነገጠ በሬ ደግሞ ደሙ ወደ ጡንቻው ስለሚሯሯጥ በደንብ አይፈስስም። ሥርዓቱም ሳይንሱም ደሙ ይውጣ ይላሉ፤ እንዲወጣ ግን በሬው መረጋጋት አለበት።

አሁን ቅድም ወዳቆየሁት ምክንያት ልመለስ።

በእንስሳ ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር አለ። ባረፈና በጠገበ በሬ ከጡንቻው ክብደት 1 በመቶ ገደማ ነው። ለክፉ ቀን ጎተራ ውስጥ እንደተቀመጠ እህል ልታዩት ትችላላችሁ። እንስሳው ሲታረድ እስትንፋሱ ይቁም እንጂ ጡንቻው ወዲያው አይሞትም፤ አየር ስለሌለው ያንን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ እየለወጠ ለሰዓታት ይቆያል። ፒኤች የሚባለው የአሲድ መለኪያ በሕይወት ሳለ 7 ገደማ ነበር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 5.5 ይወርዳል። ሥጋን ሥጋ የሚያደርገው ይህ አሲድ ነው። ቀለሙን ደማቅ ቀይ ያደርገዋል፤ ጣዕሙን ያወጣዋል፤ ጀርምም በቀላሉ እንዳይራባበት ይከላከልለታል።

በሬው ከመታረዱ በፊት ከሮጠ፣ ከማያውቀው በሬ ጋር ከተዋጋ፣ በዱላ ከተነዳ፣ ሌሊቱን ሳይበላና ሳይጠጣ በመኪና ላይ ቆሞ ካደረ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ ነው የሚታረደው። አሲድ የሚሆን ስኳር የለም። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል። ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጠጥራል፣ ቢላ ላይ ይጣበቃል፤ በአንድ ቀንም ቢሆን ጠረኑ ይለወጣል። ሥጋ ቤት ገብታችሁ «ይህ ያረጀ በሬ ነው» ብላችሁ ጥላችሁት የሄዳችሁት ጥቁር ሥጋ ሁልጊዜ የእርጅና አይደለም። የዕድሜ ድርሻ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የድካምና የድንጋጤ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱም የገዛው በሬ መልካም ነበርና ምን እንዳገኘው ሳያውቅ ይከስራል።

ሥጋውን ቀቅሎና ጠብሶ ለሚበላ ሕዝብ ይህ የጣዕምና የገንዘብ ጉዳይ ነው። እኛ ግን ጥሬውን እንበላለን። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በእሳት የሚያርመው ነገር የለውም፤ በሬው እንደታረደ እንዲሁ ወደ አፉ ይገባል። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ በእርድ ጥንቃቄ መቅደም የነበረብን እኛ ነበርን። እዚህ ላይ ከልብ ነው የማዝነው፤ ጎረድ ጎረድን እንደዚህ አክብረን ጎረድ ጎረድ የሚሆነውን በሬ እንደዚያ ማንገላታት አይገባንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ የምታውቁት ነው። ትኩስ ሥጋ ወዲያው ከተቆረጠ ይለሰልሳል። ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ጡንቻው ስለሚገታተር ይጠጥራል። ተንጠልጥሎ ሲያድርና ሲሰነብት ደግሞ ቀስ በቀስ እንደገና ይለሰልሳል። ጠዋት የታረደ በሬ ቀን ላይ ጠጠረ ተብሎ ባለ ሥጋ ቤቱ መወቀስ የለበትም፤ ሰዓቱ ነው። ያለ ሰዓቱና ያለ ልክ የሚጠጥረው የደከመው በሬ ነው።

ወደ አገራችን ወደ ጊንጪ ልመለስ። እዚህ ያለው ጥቁር መረሬ ነው። ዝናብ ሲይዘው የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መሬት፤ ለማረስ በሬን የሚጨርስ መሬት። የዚህ አገር ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሬ ዓመታት ያረሰለትን ነው። ያረሰ በሬ ሥጋ አይሆንም የሚለውን አልቀበልም። አርፎና ደልቦ ከታረደ ግሩም ሥጋ ይሆናል። ከቀንበር ተፈትቶ በሳምንቱ ቢላ ከገባበት ግን ያ ሁሉ ዓመት የለፋ በሬ የሚያወጣው ጥቁር ሥጋ ነው። የከብት ጡንቻ የጨረሰውን ስኳር በአንድ ሌሊት አይሞላም፤ ቀናት ይፈጅበታል፤ ለዚያም ጥሩ መኖና ጸጥታ ያስፈልገዋል። ገበሬ ወንድሜ፣ በሬህን ከመሸጥህ በፊት ቀንበሩን ፍታለት፤ አብላው፤ ዋጋውም ያንተ ነው።

ቀጥሎ መንገዱ። ከዚህ ገበያ የተገዛ በሬ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። መንገዱ አጭር ነው፤ ጉዳቱ የሚበዛው በአጫጫንና በአወራረድ ነው። ደልዳላ መውጫ በሌለበት ከመሬት ወደ አይሱዙ ጀርባ በዱላ፣ ጭራ በመጠምዘዝ፣ በገመድ በመጎተት የሚወጣ በሬ፣ ሲወርድም በተመሳሳይ መንገድ የሚገፋ በሬ ሰውነቱ ሁሉ ተቀጥቅጧል። የዱላ ምልክት በቆዳው ላይ አይታይም፤ ሲገፈፍ ነው የሚታየው። ያን ጊዜ በሽንጡና በዳሌው ላይ ደም የቋጠረ ጥቁር ሥጋ ይገኛል። ዱላ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው፤ ከበሬው ውዱ ሥጋም ያለው እዚያው ነው። ጥይት ትከሻ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ዱላ ሽንጥ ላይ ያደርሰዋል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ የተቀጠቀጠ ሥር፣ የረጋ ደም፣ ተቆርጦ የሚጣል ሥጋ። ልዩነቱ አዳኙ ጥይቱን የት እንዳሳረፈ ያውቃል፤ ነጂው ግን በሬው ሲገፈፍ እዚያ አይገኝም።

የማይተዋወቁ ኮርማዎችንና በሬዎችን አንድ ላይ አትጫኑ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዋጉ ያድራሉ። ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ገለባ ይነጠፍ። መጫኛው አፈር ተደልድሎ ሊሠራ ይችላል፤ የአንድ ቀን የጎረምሶች ሥራ ነው፤ ለገበያው ለዘለዓለም ይሆናል።

ቴምፕል ግራንዲን የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ጠባይ ሊቅ አለች። ከብት ወደ ቄራ ሲገባ ለምን እንደሚያፈገፍግ ለማወቅ ራሷ በከብቱ መተላለፊያ ውስጥ ገብታ በከብቱ ዓይን ከፍታ ተመለከተች። ያገኘችው ሰው የማያስተውለውን ነገር ነው። መሬት ላይ የወደቀ ጥላ፣ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ብርሃን የሚመታው ኩሬ ውሃ፣ ከፊት የቆመ ሰው። እነዚህ ሲነሡ ከብቱ ያለ ዱላ ይሄዳል። እሷ ባወጣችው መለኪያ ቄራ ውስጥ ሲነዱ ከ100 ከብቶች ከ3 በላይ የሚጮኹ ከሆነ ሥራው ወድቋል ይባላል። ይህን መለኪያ ትልልቅ የሥጋ ኩባንያዎች ተቀብለውታል።

ከእርዱ ጋር የተያያዘው ደግሞ አጭር ነው፤ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ዋጋ አለው። በሬው በሌላ በሬ ደምና ፈርስ አጠገብ አይታሰር። በሚጣልበት ጊዜ ገመዱን የሚያውቁ ሰዎች ይበቃሉ፤ የቀረው ሕዝብ ይራቅ፤ ልጆችም ዝም ይበሉ። ቢላው ረጅምና የተሳለ ይሁን፤ በሁለቱም ጎን ያለውን የአንገት ደም ሥር በአንድ ስበት ይቁረጥ፤ እየመለሱ መገዝገዝ ሥቃይም ብክነትም ነው። በአንዳንድ ቦታ ማጅራትን በጩቤ ወግቶ መጣል ተለምዷል። ይህ እንስሳውን ያሽመደምደዋል እንጂ አያደነዝዘውም፤ መንቀሳቀስ ሳይችል ሁሉን እያወቀ ነው የሚታረደው። ሊቀር ይገባል። በሬ ከበግ ይልቅ ከታረደ በኋላ ዘግይቶ ነው ራሱን የሚስተው፤ ወደ አንጎሉ ደም የሚያደርስ ሌላ መንገድ በአከርካሪው በኩል አለው። ስለዚህ ዓይኑ ሲነካ የማይርገበገብ እስኪሆን፣ ደሙም መፍሰሱን እስኪያቆም ማንም እግሩን አይቁረጥ፣ ማንም ቆዳውን አይጀምር።

ከዚያ በኋላ ፍጥነት ያስፈልጋል። የሆዱ ዕቃ ከሞት በኋላም መብላላቱንና መሞቁን ይቀጥላልና በግማሽ ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። የአዳኞቹም ሕግ ይኸው ነው፤ ዋላው ከወደቀበት ሳይነሣ ሆዱ ይከፈታል። ጨጓራው እንዳይበሳ የቢላው ስለት ወደ ውጭ፣ ጣት ከኋላው ይሁን። ምግብ የሚወርድበት ቧንቧና ፊንጢጣው በገመድ ይቋጠሩ። ሐሞቱ ከጉበቱ በጥንቃቄ ይላቀቅ። ፈርስ የነካውን ሥጋ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ቆሻሻውን ከአንድ ቦታ ወደ ሙሉ በሬው ማሰራጨት ነው፤ የነካው ክፍል ይቆረጥና ይጣል። የበሬው ቆዳ ውጭው እጅግ ቆሻሻ ነው፤ ለቆዳውና ለሥጋው ሁለት የተለያየ ቢላ ይኑራችሁ። ቆዳው ከተጀመረ በኋላ በቡጢ ይገፈፍ፤ ቢላ ቆዳውን ይቆራርጠዋል፣ የተቆራረጠ ቆዳም ዋጋ የለውም። ቢቻል ሥጋው በጠንካራ ምሰሶ ይሰቀል። ጊንጪ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ጥላ ውስጥ ነፋስ እያገኘ የተሰቀለ ሥጋ በነጻ የሚቀዘቅዝበት አገር ላይ ነው ያለነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ በሽታ አንድ ቃል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር የማይረጋ ደም የሚፈስሰው ከብት የአባ ሰንጋ ጥርጣሬ አለበትና አይታረድ፣ አይከፈት፣ አይገፈፍ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። የኮሶ ትልም ቢሆን የሚመጣው ሳይመረመር ጥሬው ከሚበላ የከብት ሥጋ ነው። ማስመርመር ይገባል።

የዚህ ሁሉ ውጤት ከቅርጫው መደብ አልፎ ይሄዳል። ቢሾፍቱና ሞጆ አካባቢ ያሉ ቄራዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የበግና የፍየል ሥጋ ይልካሉ። እነዚህ ላኪዎች የሚመርጡት የቦረናን፣ የሶማሌንና የአፋርን ቆላ በግና ፍየል ነው፤ የደጋው ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ተብሎ ገዢዎቹ ስለሚመልሱት። ለጥቁረቱ የዝርያም የመኖም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን በደጋው ገበያ ላይ በግ እንዴት እንደሚጎተት፣ ጠጉሩ ተይዞ እንዴት እንደሚነሣ፣ እግሩ ታስሮ በመኪና ጣሪያ ላይ እንዴት እንደሚጫን አይቻለሁ፤ ያንን ያየ ሰው ጥቁረቱን ሁሉ በዝርያ አያሳብብም። የኛ የምዕራብ ሸዋ በግ ወደ ውጭ ገበያ መግባት የሚችልበት መንገድ ካለ አንዱ አያያዙን ማስተካከል ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው ለከተማችን አስተዳደርና ለገበያው ኃላፊዎች ነው፤ በከብት ገበያው ላይ የአፈር መጫኛ ይደልደል፤ ከብቱ የሚጠጣበት ገንዳም ይቀመጥ። ሁለተኛው ለሥጋ ቤት ባለቤቶች ነው፤ በሬያችሁ ከመታረዱ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት በውሃና በጸጥታ ይደር፤ ከሩቅ የመጣና የደከመ ከሆነ ቀናት ስጡት። ሦስተኛው ለቅርጫ ማኅበርተኞች ነው። ለፋሲካ ቅዳሜ ሌሊት የምታርዱትን በሬ ዓርብና ቅዳሜ በገበያው ግርግር አትግዙት። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ግዙት፤ ዱላ ሳታሳርፉበት በዝግታ ነድታችሁ ወደ አንዱ ግቢ ውሰዱት፤ ለብቻው በጥላ ሥር እሰሩት፤ ድርቆሽና ውሃ አቅርቡለት፤ ከመታረዱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ግማሽ ቀን መኖውን አንሡለት፣ ውሃውን ግን እስከ መጨረሻው ተዉለት።